አንዲት ውርርድ ማትረፍ፦ ስለ ሊሚት ፖከር ውድድር ስልት የቀረበ ዲስኩር



የላስ ቬጋስ ሐበሻ ከካርታ ጋር ያለው ትውውቅ በአብዛኛው የእንጀራ ጉዳይ ነው። ከእናንተ መካከል ካዚኖ ውስጥ ካርታ የምታድሉ፣ ቺፕስ የምትቆጥሩ፣ ሌሊቱን ሙሉ ቁማርተኛ በታክሲ የምታመላልሱ አላችሁ። ሰው በቁማር እንዴት እንደሚከስር ለእናንተ ልንገራችሁ ብል ያስቅብኛል፤ በየቀኑ የምታዩት ነው። ቁማር ተጫወቱ ለማለትም አልመጣሁም። ወላጆቻችን ለቁማር የነበራቸውን ንቀት ያለ ምክንያት ነው አልልም። የመጣሁት ከፖከር ዓይነቶች ሁሉ ለሒሳብና ለትዕግሥት ስለሚቀርበው፣ የዛሬ ወጣት ተጫዋች ግን እምብዛም ስለማያውቀው ስለ ሊሚት ውድድር ለመናገር ነው። ለምትጫወቱት ስልት ይሆናችኋል። ካርታ ለምታድሉት ደግሞ በፈረቃችሁ ከፊታችሁ የሚካሄደውን ማንበቢያ ይሆናችኋል።

ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልበል። በቴክሳስ ሆልደም እያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት ካርታ ተሸፍኖ ይታደለዋል። ጠረጴዛው መሐል ለሁሉም የሚሆን አምስት ካርታ ይገለጣል፤ መጀመሪያ ሦስቱ በአንድ ጊዜ፣ እሱ ፍሎፕ ይባላል፤ ቀጥሎ አንድ፣ ተርን፤ በመጨረሻም አንድ፣ ሪቨር። ስለዚህ የውርርድ ዙሮቹ አራት ናቸው። ኖ ሊሚት በሚባለው ዓይነት ተጫዋቹ ደስ ባለው ጊዜ ያለውን ሁሉ መሐል መግፋት ይችላል። በሊሚት አይችልም። ደረጃው 100 እና 200 ከሆነ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች ውርርዱ 100 ነው፣ በኋለኞቹ ሁለት 200። ልጨምር ያለ ሰው የሚጨምረው በዚያው ልክ ነው። በአብዛኞቹ ቤቶች ደግሞ በአንድ ዙር አንድ ውርርድና ሦስት ጭማሪ ከተደረገ ዙሩ ይዘጋል።

የዓለም የፖከር ውድድር በ1970 ቤኒ ቢኒየን በሚባል ሰው በዚሁ በከተማችን፣ ሆርስሹ በተባለው ካዚኖው ተጀመረ፤ ከ1971 ጀምሮ ዋናው ውድድር ኖ ሊሚት ነው። በየካርታ ቤቱ ሕዝቡ ሲጫወት የኖረው ግን ሊሚት ነው። በተለይ በካሊፎርኒያ በ1987 ሆልደም ሕጋዊ ከሆነ በኋላ የዚያ ግዛት ካርታ ቤቶች የሊሚት አገር ሆነው ቆዩ። በ2003 ክሪስ ማኒሜከር የተባለ የቴነሲ ሒሳብ ሠራተኛ ዋናውን ውድድር አሸንፎ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ሲወስድ ዓለም በቴሌቪዥን አየ፤ ከዚያ ወዲህ ወጣቱ ሁሉ ኖ ሊሚት ሆነ። ቴሌቪዥን ሊሚትን አይወድም። በዚሁ የዓለም ውድድር ውስጥ በ2006 መግቢያው 50,000 ዶላር የሆነ ሆርስ የሚባል ውድድር ተጀመረ፤ አምስት የፖከር ዓይነቶች እየተፈራረቁ የሚጫወቱበት ነው፣ አምስቱም ሊሚት። የመጨረሻው ጠረጴዛ ላይ ሲደርሱ ግን ለካሜራ ሲባል ጨዋታው ወደ ኖ ሊሚት ሆልደም ተቀየረ። ያሸነፈው ቺፕ ሪስ ነበር፤ ሁሉንም ዓይነት የሚችል ሰው ስለሆነ አልተጎዳም። ውሳኔው ግን በእኔ አስተያየት አሳፋሪ ነበር። ተወዳዳሪዎቹን በአንድ ጨዋታ አጣርቶ በሌላ ጨዋታ መሸለም ምን የሚሉት ነው?

ወደ ስልቱ ልግባ። የሁሉም ነገር መነሻ አንዲት ስሌት ናት። 10,000 ቺፕስ ተሰጥቷችሁ በ100 እና 200 ደረጃ ጀመራችሁ እንበል። በትልቁ ውርርድ ሲቆጠር 50 ውርርድ ይዛችኋል ማለት ነው። ከአንድ እልኸኛ ጋር ገጥማችሁ አራቱም ዙሮች እስኪዘጉ ድረስ ብትጨማመሩ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች 800፣ በኋለኞቹ 1,600 ታወጣላችሁ። ድምሩ 2,400 ነው፤ 12 ትልቅ ውርርድ። ከዚህ በላይ በአንድ ዕደላ ማጣት አይቻልም። ይህን ያህል መጨማመርም ብርቅ ነው። የተለመደው ሽንፈት ሌላ መልክ አለው። አንዱ ገና ፍሎፕ ሳይገለጥ ያሳድጋል፣ እናንተ 200 ታሟላላችሁ፤ ፍሎፕ ላይ 100፣ ተርን ላይ 200፣ ሪቨር ላይ 200። በድምሩ 700። ካርታው ሲገለጥ ተሸንፋችኋል። ምንም አይመስልም፤ ማንም ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ አይነሣም፣ አካባቢው ያለ ሰው ዞር ብሎም አያይም። ሰባት ጊዜ እንዲህ ከሆነ ግን 4,900 ቺፕስ ሄዷል፣ የሀብታችሁ ግማሽ ማለት ነው። ከሰባቱ አንዱንም ማታ ቤታችሁ ገብታችሁ አታስታውሱትም።

በሊሚት ውድድር ሰው በአንድ ምት አይወድቅም፤ ተሸርሽሮ ያልቃል። ኖ ሊሚት የለመደ ተጫዋች እዚህ ሲመጣ የሚጠፋውም በዚህ ነው፤ አንዱን ትልቅ ፍልሚያ እየጠበቀ ትንሽ ትንሹን ይበትናል። ትልቁ ፍልሚያ አይመጣም። በሊሚት ውድድር ማሸነፍና መሸነፍ የሚወሰነው አንዲት ውርርድ በማትረፍና አንዲት ውርርድ በማስከፈል ነው። የዛሬው ንግግሬ ሌላ ነገር የለውም፤ የቀረው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

ቺፕስ የሚያልቀው በመጫወት ብቻ እንዳልሆነም አትርሱ። ካርታው ሳይታደል ሁለት ሰዎች በግዴታ የሚያስይዙት ገንዘብ አለ፤ ትንሹ ብላይንድና ትልቁ ብላይንድ ይባላል፤ በየተራ ሁሉንም ይዞራል። በ100 እና 200 ደረጃ 50 እና 100 ነው። ታክሲ የምትነዱት ታውቁታላችሁ፤ ሜትሩ መብራት ላይ ቆማችሁም ይቆጥራል። ብላይንድም እንዲሁ ነው፣ ልዩነቱ እዚህ ከፋዩ እናንተ መሆናችሁ ነው። ሰዓቱ እየገፋ ሲሄድ ደረጃው ይጨምራል፦ 200 እና 400፣ 500 እና 1,000፣ 1,000 እና 2,000። በመጨረሻው ደረጃ አሁንም 10,000 ቺፕስ ይዛችሁ ከሆነ አልጨመራችሁም፣ አልቀነሳችሁም፤ ሆኖም በእጃችሁ ያለው አምስት ውርርድ ብቻ ነው። አንድ ዙር ጠረጴዛው ሲዞር 1,500 ይበላል። ቅድም 700 ያስወጣ የነበረው ተራ ሽንፈት አሁን 7,000 ያስወጣል። ስለዚህ ስንት ቺፕስ አለህ ቢሏችሁ በቺፕስ አትመልሱ፤ በትልቁ ውርርድ አካፍላችሁ መልሱ።

በመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች ሁሉም ሰው ሀብታም ነው፣ ውርርዱም ርካሽ ነው። ብዙ ሰው ፍሎፕ ለማየት ይገባል። ያን ጊዜ ተስፋ ያላቸው ካርታዎች ዋጋ አላቸው፤ ትንንሽ ጥንዶች፣ ቀለማቸው አንድ የሆነ ተከታታይ ቁጥሮች። ጥንድ ይዛችሁ ፍሎፕ ላይ ሦስተኛውን የማግኘት ዕድላችሁ ከስምንት ተኩል አንድ ገደማ ነው። አምስትና ስድስት ሰው በገባበት፣ ካገኛችሁት በኋላ ሁሉም እየተከተለ በሚከፍላችሁ ጠረጴዛ ላይ ይህ ያዋጣል። ሁለት ሰው ብቻ በሚቀርበት፣ ማንም አምስት ውርርድ በሌለው ሰዓት ግን ያው ካርታ ወጥመድ ነው። ቆይታችሁ የምትሰበስቡት ትርፍ የለማ! በኋለኛው ሰዓት የሚነግሠው ትልቅ ካርታ ነው፤ ኤስ፣ ንጉሥ፣ ንግሥት። ሳይሻሻሉም ያሸንፋሉ።

አንዲት ውርርድ እንዴት ትተርፋለች ላላችሁኝ፣ አንድ ዕደላ ከቅርብ እንይ። ደረጃው 500 እና 1,000 ነው። የያዛችሁት የልብ ኤስና የልብ 10 ነው፤ የመጨረሻው ተናጋሪ እናንተ ናችሁ። ፍሎፑ የልብ 7፣ የልብ 3 እና ጥቁር ንጉሥ ሆነ። አራት ልብ አላችሁ፣ አንድ ይጎድላል። በሚቀጥለው ካርታ የመምጣቱ ዕድል ከአምስት አንድ ያህል፣ በሁለቱ ካርታዎች በአንዱ የመምጣቱ ዕድል ደግሞ 35 በመቶ ነው። ተጋጣሚያችሁ ንጉሥ እንዳለው ግልጽ ነው፤ 500 ይወራረዳል። ብዙ ሰው 500 ያሟላና ይጠብቃል። ተርን ላይ ልብ አልመጣም፣ ሰውየው 1,000 ይላል፣ እሱንም ያሟላል። ሪቨርን ለማየት 1,500 ወጣ።

አሁን በሌላ መንገድ። ሰውየው 500 ሲል እናንተ 1,000 አድርጉት። ያስባል፤ ንጉሡን ይዞ ግን ካጠገቡ ያለው ካርታ ደካማ ነው፣ ምናልባት እናንተ ሁለት ጥንድ አላችሁ። ያሟላል። ተርን ላይ ልብ ሳይመጣ ቀረ። ሰውየው ከፈራ ሳይወራረድ ያልፋል። እናንተም ታልፋላችሁ፤ ሪቨርን በነጻ ታያላችሁ። የወጣው 1,000 ብቻ ነው፤ ግማሽ ውርርድ ተረፈ። ዘዴው የተሠራው ከሊሚት ሕግ ነው፤ ፍሎፕ ላይ ውርርዱ ርካሽ፣ ተርን ላይ እጥፍ ስለሆነ ጩኸቱን ርካሹ ቦታ ላይ ታስቀድማላችሁ። ልብ ተርን ላይ ከመጣም መሐል የተጨመረው ገንዘብ የእናንተ ነው፣ ሰውየውም አስቀድማችሁ ስላሳደጋችሁ በልብ ነበር የገባው ብሎ ለመጠርጠር ይዘገያል። ዘዴው ግን ሁሉ ሰው ላይ አይሠራም። ሰውየው ደፋር ሆኖ በላያችሁ ከጨመረና ተርን ላይም ከተወራረደ፣ 1,500 ትከፍሉ የነበረው 2,500 ይሆናል። ስለዚህ ዘዴውን ከመሞከራችሁ በፊት ሰውየውን ከአንድ ሰዓት በላይ ማየት ነበረባችሁ። ማን ይፈራል፣ ማን አይፈራም፣ ማን ሲናደድ ይጨምራል፤ ዕደላ ውስጥ በሌላችሁበት ሰዓት ሥራችሁ ይህ ነው፤ ስልክ ማየት አይደለም።

ደረጃው ከፍ ሲል ጨዋታው ስለ ብላይንድ ይሆናል። ያለ ብላይንድ የሚኖር የለም፤ አንድ ዙር ሳትሰርቁ ካለፋችሁ ከሀብታችሁ ተቀንሷል። መስረቅ የምለው፣ ሁሉም ጥሎ እናንተ ጋ ሲደርስ አሳድጎ ብላይንዶቹን መውሰድ ነው። በ500 እና 1,000 ደረጃ 750 መሐል አለ፤ 1,000 አውጥታችሁ ትሞክራላችሁ። ምንም ዓይነት ካርታ ባይኖራችሁ እንኳ ከመቶ 57 ጊዜ ከተሳካ አትከስሩም፤ ካርታው ደግሞ ምንም የማይሆንበት ጊዜ የለም። ትልቁ ብላይንድ ላይ የተቀመጠው ሰው ስሌት ግን ሌላ ነው። 500 ጨምሮ 1,750 ለመውሰድ ነው የሚጫወተው፤ ከመቶ 22 ጊዜ ካሸነፈ በቂው ነው። ተጫዋቾች ከሁሉም በላይ የሚሳሳቱበት ቦታ ይኸው ነው። በኖ ሊሚት ልማድ፣ በፍርሃትም፣ መሟላት የነበረበትን ካርታ ይጥሉታል። በየጠረጴዛው እንዲህ የሚጥል ሰው ይኖራል። በእሱ ብላይንድ ላይ አሳድጉ። ሁልጊዜ የሚያሟላ ግትር ሰው ከሆነ ግን በባዶ እጅ አትሞክሩት፤ ጥሩ ካርታ ስትይዙ ይከፍላችኋል።

ለዚህ ማስረጃ ከሳይንስ አለ። በጥር 2015 የካናዳው አልበርታ ዩኒቨርሲቲ የማይክል ቦውሊንግ ቡድን፣ በሁለት ሰው መካከል የሚደረገውን ሊሚት ሆልደም በኮምፒውተር ከሞላ ጎደል እንደፈታው ሳይንስ በተባለው መጽሔት አሳተመ። ፕሮግራሙ ሴፊየስ ይባላል። ሰው ዕድሜ ልኩን ቢጫወተው እንኳ ብልጫ ወስጄበታለሁ ሊል በማይችልበት ደረጃ የተጠናቀቀ ነው። ሊሚት ሊፈታ የቻለው የውርርዱ መጠን ስለተወሰነ፣ ምርጫዎቹም ስለሚቆጠሩ ነው። የሚገርመው ሴፊየስ የሚያሳየው ጠባይ ነው። ቀድሞ ሲናገር ወይ ያሳድጋል ወይ ይጥላል፤ ዝም ብሎ አሟልቶ መግባት ለእሱ የለም ማለት ይቻላል። በትልቁ ብላይንድ ላይ ሲቀመጥ ደግሞ ብዙ ሰው ከሚጥለው በላይ በሰፊው ይጫወታል። ልብ በሉ፣ ሴፊየስ የሚያውቀው የሁለት ሰው ጨዋታ ነው፤ ዘጠኝ ሰው ያለበት ጠረጴዛ ላይ በቀጥታ አይገለበጥም። ትልቁ ብላይንድ ላይ ካልሆናችሁ ግን፣ ሌላ ሰው አሳድጎ ሳለ አሟልቶ መከተል ደካማ እንደሆነ የድሮ አዋቂዎችም ይሉት ነበር፤ ለማሟላት ከማሳደግ የተሻለ ካርታ ያስፈልጋል። ካርታው በቂ ነው ካላችሁ ጨምሩና ከሰውየው ጋር ብቻችሁን ቅሩ፤ በቂ ካልሆነ ጣሉት። መሐል ቤት የለም።

ሽልማት የሚገኝበት መስመር ሲቃረብ ሌላ ሒሳብ ይመጣል። ሦስት ሰው ቀረ እንበል፣ ቺፕሳቸው እኩል ነው፣ ሽልማቱ ለአንደኛ 50 በመቶ፣ ለሁለተኛ 30፣ ለሦስተኛ 20። ያለጥርጥር የእያንዳንዳቸው ድርሻ ሲሶ፣ 33.3 በመቶ ነው። ሁለቱ እስከ መጨረሻው ተጋጠሙና አንዱ ሌላውን አስወጣ። አሸናፊው ቺፕሱን እጥፍ አደረገ፤ የድርሻው ግምት ግን 66.7 አልሆነም፣ 43.3 ሆነ። የወደቀው 20 ወሰደ። አሸናፊው 10 አገኘ፣ ተሸናፊው 13.3 አጣ። የቀረው 3.3 የት ሄደ? እጁን አጣጥፎ ለተቀመጠው ለሦስተኛው ሰው። ምንም ሳያደርግ ከ33.3 ወደ 36.7 ከፍ አለ። በውድድር ውስጥ የምታጡት ቺፕስ ከምታገኙት የበለጠ ዋጋ አለው የሚባለው ለዚህ ነው። የሊሚት ጸጋ ደግሞ በየውርርዱ መቆም መቻሉ ነው። ተርን ላይ ነገሩ ካላማራችሁ ትወጣላችሁ፣ ሁለት ውርርድ ይተርፋችኋል፣ ሁለቱ ሌሎች ይፋለማሉ።

ሊሚት ግፊት የለውም የሚል ሰው የአንዲ ቢልን ታሪክ አልሰማም። ቢል የቴክሳስ ባንክ ባለቤት ነው፤ ከ2001 ጀምሮ በቤላጂዮ ካዚኖ፣ ከተማው ውስጥ ካሉት ምርጥ ተጫዋቾች ጋር አንድ ለአንድ ሊሚት ይጫወት ነበር። ሆን ብሎ ደረጃውን ከፍ፣ እጅግ ከፍ አደረገው፤ እስከ 100,000 እና 200,000 ዶላር ደርሷል። ባለሙያዎቹ ገንዘባቸውን አዋጥተው ነበር የተቀመጡት፣ ቺፕ ሪስም ከእነሱ አንዱ ነበር። ሕጉ ምንም አልተለወጠም፣ ካርታውም ያው ነው። የተለወጠው አንዲት ውርርድ ከያዙት ሀብት ጋር ስትነጻጸር ያላት ክብደት ነበር። በየካቲት 2006 ከእነዚሁ ባለሙያዎች አንዱ የሆነው ፊል አይቪ ከቢል ላይ በሦስት ቀን ከ16 ሚሊዮን ዶላር በላይ አሸነፈ። ቢል በገንዘቡ ያደረገውን ነገር፣ በውድድር ውስጥ ሰዓቱ በእያንዳንዱ ተጫዋች ላይ ያደርገዋል።

ስለ ሪቨር አንድ ነገር ሳልናገር አልወርድም፣ ምክንያቱም ቁጠባ የተማረ ሰው የሚያጠፋው እዚያ ነው። መሐል 7 ትልቅ ውርርድ አለ፣ ሰውየው አንድ ይጨምራል፤ እናንተ መካከለኛ ጥንድ ይዛችኋል። አንድ አውጥታችሁ 8 ለመውሰድ ነው። ከዘጠኝ ጊዜ አንዴ ካሸነፋችሁ አልከሰራችሁም። የተሳሳተ ማሟላት አንድ ውርርድ ያስወጣል፣ የተሳሳተ መጣል ግን ስምንት። አንዲት ውርርድ ማትረፍ ያልኩት ሪቨር ላይ በፍርሃት መጣልን አይደለም፤ መቆጠብ የሚገባው ቀደም ብሎ፣ ገና ስትገቡ፣ ቢዘገይ ተርን ላይ ነው። ሰውየው መዋሸት የማይችል፣ በሕይወቱ ሪቨር ላይ ባዶ እጁን ተወራርዶ የማያውቅ ዓይነት ከሆነ ብቻ ጣሉት። እንዲህ ያለ ሰው አለ፣ ከምታስቡት ግን ጥቂት ነው።

መጫወት የምትሹ፣ ከመመዝገባችሁ በፊት የደረጃውን ሰሌዳ ጠይቁ፤ እያንዳንዱ ደረጃ ስንት ደቂቃ እንደሆነና የሚሰጣችሁ ቺፕስ ስንት ትልቅ ውርርድ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ደረጃው በየ15 ደቂቃው የሚያድግ ከሆነ ከላይ የነገርኳችሁ ትዕግሥት አብዛኛው አይጠቅማችሁም፤ ያ ውድድር ዕጣ ነው፣ ተዉት። መግቢያውን ስትከፍሉ ከኪራይና ወደ አገር ቤት ከምትልኩት የተረፈ ገንዘብ ይሁን። ከተሸነፋችሁም ጎን ያለው ስሎት ማሽን ላይ ሄዳችሁ ለመመለስ አትሞክሩ።

አሁን መድረኩ የእናንተ ነው። በተለይ ካርታ የምታድሉት ጓደኞቼ፣ እኔ ከመጽሐፍና ከጥቂት ጠረጴዛ ያየሁትን እናንተ በየፈረቃው ታዩታላችሁና የምትቃወሙት ካለ አሁን ተናገሩ።